ሁለት ጣት አፈር

ዛሬ አራዳ ላይ ማን እንዳዋረደኝ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሰው አይደለም። የገዛ ጣቴ ነው!

ረጋ ብዬ ልንገራችሁ። እንደምታውቁኝ ወሬ አላበዛም፤ ፖስትም የማደርገው በበዓል በበዓል ነው። የዛሬው ግን ሆዴ ውስጥ አላድር አለኝ።

ልጄ ትርንጎ ፀዳ በምትባለው ከተማ ለሠራችው ቤት አኳሪየም ልትገዛ ይዛኝ ወጣች። የወደደችው ቁመቱ ረጅም ነው፤ እንደ ቁም ሣጥን ቀጥ ያለ መስታወት። ዓሣ ብቻ ሳይሆን ተክልም ይተከልበታል።

ሻጩ ትሑት ልጅ ነው። ከታች የሚነጠፈው አፈር ምን ያህል ጥልቀት ይኑረው ብሎ እኔን ጠየቀኝ። ለምን እኔን? ሽበት አክብሮ ነዋ።

እኔም ሙሉ ልቤን ሰጥቼ፣ “ሁለት ጣት ይበቃዋል፣ ልጄ” አልኩት።

መልሱ ልክ ነበር። እዚያ ላይ ባበቃ ኖሮ በክብር ቤቴ እገባ ነበር።

ግን ጣቴ ተነሣ። ቀጥ ብሎ ቆመ። የሌላኛው እጄ ጣት ደግሞ መጣና በእሱ ጫፍ ላይ ቆመ።

ትርንጎ አየችኝ።

ከዚያ እዚያው የአፈር ከረጢት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ፀጉሯ የሸበተ ሴት፣ የልጆች እናት፣ በሰው ሱቅ ውስጥ እንባዋ እስኪወርድ! ሻጩ ደንግጦ ውኃ ላምጣላቸው እንዴ አለኝ። መንገደኛው ሁሉ በመስኮት አየን።

አፈርኩ። ግን አልተቆጣሁም።

ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። ከየት እንደመጣ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ጊዜው ደርግ ነው። ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ቀን ቢሮ፣ ሲመሽ ስብሰባ። ትርንጎ ተማሪ ነበረች። በክፍል አጠገቧ የምትቀመጥ አንዲት ጓደኛ ነበረቻት፤ እኛ ቤት ብዙ የበላች፣ ብዙ ያደረች ልጅ።

አንድ ጠዋት ከክፍል ጠርተው ወሰዷት።

አልተመለሰችም። በዚያ ዘመን የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ያልነበራችሁ ወላጆቻችሁን ጠይቁ።

ከዚያ ወዲያ የእኔ ልጅ ዝም አለች። ትበላለች፣ ታጠናለች፣ የላክኋት ቦታ ትሄዳለች። ግን አትስቅም። ሥዕለ አድኅኖ ፊት ቆሜ የምለምነው ሌላ ነገር አልነበረም። ሀብት አላልኩም፣ ዕድሜ አላልኩም። አንድ ጊዜ ብቻ ስትስቅ አሰማኝ ነው ያልኩት።

የባዮሎጂ መምህራቸው ሕንዳዊ ነበሩ። ጊዜያቸው ደርሶ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ በትምህርት ቤቱ የነበራቸውን ረጅም የመስታወት ገንዳ ለእሷ ሰጧት። ስትንከባከበው አይተው ነው። ትንንሾቹን ዓሦች ከተማሪዎቻቸው ጋር ጎርጎራ ወርደው ከጣና ዳር ያመጧቸው ናቸው፤ ሣሩም ከዚያው ነው።

ገንዳውን ሳሎን ውስጥ፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ አቆምነው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ተቀምጠናል። ትርንጎ ቀና ብላ፣ “እማዬ፣ ትልቁ ዓሣ ዛሬ ሣሩ ሥር ገብቶ ተኛ” አለችኝ።

ጉርሻዬን ሳህኑ ላይ መለስኩ።

ተናገረች! ስለ ዓሣ ነው፤ ይሁን። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ስለ ዓሣ ትነግረኛለች። ስለ ዓሣ ብቻ። ለእኔ በቂ ነበር፤ ተመስገን። ያ ገንዳ ለሌላው ሰው ውኃና ሣር ነው። ለእኔ የልጄ አፍ ነበር።

ክረምት ሲገባ ተማሪው ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታዘዘ። የእሷ ዕጣ ከደባርቅ ማዶ ደጋው ላይ ወጣ።

ቦርሳዋን ይዛ በር ላይ ቆመች። ብርዱን፣ መንገዱን አላነሣችም። “እማዬ፣ ሣሩ እየተነቀለ ይንሳፈፋል፤ አፈሩ ሳስቷል” አለችኝ። “አፈር ጨምሪበት። ጠቅላላው ሁለት ጣት ይሁን፤ ከዚያ አይብለጥ። መምህራችን ረጅም ገንዳ አፈር ሲበዛበት ከታች ይታመማል ይላሉ። አደራ።”

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። ተቀበልኩ።

አሁን ወደ ጣቱ እንምጣ።

እኔ ቤት ጣት የሚለካው ቆሞ ነው። ባቄላ ስዘፈዝፍ ውኃው ከባቄላው አንድ ጣት ይብለጥ እላለሁ፤ ጣቴን አቁሜ እነክረዋለሁ፤ ውኃው የጣቴን አንጓ ሁሉ አልፎ ሥሩ ሲደርስ ይበቃል። እናቴም እንዲሁ ነው የምትለካው። ጣቷን አጋድማ ውኃ የምትለካ ሴት እስከዚያ ቀን ድረስ አላየሁም።

እንግዲህ ሁለት ጣት ማለት ጣት በጣት ላይ ቆሞ ነው። ስንዝር ሊሞላ ጥቂት የቀረው።

ኧረ ይህስ አልበዛም ወይ ብዬ ነበር፤ አልዋሽም። ግን አያ ታከለ ነበሩ።

አያ ታከለ የባለቤቴ አጎት ናቸው። ያን ክረምት ዓይናቸውን ሊታከሙ ከእንፍራንዝ መጥተው እኛ ዘንድ ሰነበቱ። ገበሬ ናቸው፤ ያለ ሥራ መቀመጥ ያማቸዋል። ሣሩ ሲንሳፈፍ አዩና፣ “ምነው ይኸን ተክል አራባችሁት?” አሉኝ።

ልጅቱ ሁለት ጣት ብላለች ብዬ ጣቴን በጣቴ ላይ አቁሜ አሳየኋቸው። ገንዳውን ከታች እስከ ላይ አዩት።

“ለዚህ ሁሉ ቁመት? እሱም አንሶታል። ረጅም ዛፍ በገል ላይ ቆሞ አይተሽ ታውቂያለሽ?”

እውነት መሰለኝ። እናንተስ አይመስላችሁም?

ከጎረቤት በረት ጥቁር አፈር ከነፍጉ አመጡ። በመዳፋቸው እያሹ ሸጋ አፈር ነው፣ እንዲህ ያለ ለእኔም ማሳ አልተገኘ አሉ። ዓሦቹን ወደ ባልዲ አወጣሁ። አፈሩን ግድግዳ እንደምመርግ አድርጌ ጠቅጥቄ ጠቅጥቄ ሞላሁ። ሣሩን ተከልኩ። ከበርሜል የዝናብ ውኃ ቀድቼ ቀስ ብዬ አፈሰስኩ። ውኃው ጠለለልኝ፤ ዓሦቹን መለስኩ።

ሣሩ ቀጥ ብሎ ቆመ! ሰንበት ሲል ቅጠሉም ሰፋ። ተመስገን፣ አደራዬን ተወጣሁ አልኩ።

ጥቂት ቆይቶ ከአፈሩ አረፋ አንድ አንድ እያለ ይወጣ ጀመር። አያ ታከለ አፈሩ ተመችቶት እየተነፈሰ ነው አሉኝ። እኔም አመንኩ። ጠዋት ጠዋት ሲተነፍስ ቆሜ አየው ነበር።

ለካ እስትንፋስ አይደለም። ግሳት ነው!

ፍልሰታ ገባ። ፍልሰታን እኛ ዘንድ ሕፃን ሳይቀር ይጾመዋል። ጎረቤቶች ተራ ገብተን፣ ከቅዳሴ ሲወጣ የነፍስ አባታችንን መምሬን እየጋበዝን አብረን እንቀምስ ነበር። የእኔ ተራ ደረሰ።

አንድ ነገር ልንገራችሁና እቀጥላለሁ። የእኛ ቤት ስም ያን ጊዜ ስስ ነበር። ባለቤቴ ማርክሲዝም የሚጠናበት የውይይት ክበብ ይገባል፤ መግባት ግዴታ ነው። ሰፈሩ ግን ክበብ የሚገባ ሰው ጾም ይይዛል ወይ ይላል። ፊት ለፊት ያለኝ የለም። እትዬ ብርቄ ብቻ፣ የአጥሬ ጎረቤት፣ ቤቴ በመጣች ቁጥር ድስቴን ገለጥ አድርጋ ታያለች። ጤናችንን አስባ ነው።

የዚያን ቀን ከቅዳሴ ቀድሜ ተመለስኩ። አንዷ ሣር ዘንበል ብላለች። እንግዳ ሳይመጣ ላቃናት ብዬ እጄን እስከ ብብቴ አስገብቼ ሥሯን ተጫንኩ። አረፋው ተንደቅድቆ ወጣ።

እኔ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። አፍንጫዬ ከተዘጋ ሰንብቷል። ይህን ያዙልኝ!

መምሬ ገቡ። ሴቶቹ ተከትለው ገቡ። የገባው ሁሉ እደጃፉ ላይ ቆም ይላል። ብርዱ ነው ብዬ በሩን ዘጋሁት።

ተቀመጡ። ሽሮው ቀረበ፣ ጎመኑ ቀረበ፣ የባቄላው ንፍሮ ቀረበ። እጅ የሚሰድ ጠፋ። መምሬ መስቀላቸውን እንደያዙ ማዕዱን ያዩታል፤ አይባርኩትም።

እትዬ ብርቄ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አደረገች። “አንቺ ልጅ፣ ዶሮ ማርባት ጀመርሽ እንዴ?”

“ኧረ የለም፣ እትዬ። ዶሮ የት አለኝ።”

“እንዲያው ነው።” ወደ ወጥ ቤቴ በር ተመለከተች። “ከቤትሽ የታመመ ሰው አለ? ለታመመ እኮ ካህኑ ይፈቅዳል። መደበቅ የለበትም።”

“ሁላችንም ደህና ነን፣ ተመስገን።”

“ተመስገን” አለች። የተመስገን ዓይነት ብዙ ነው። ይኸኛው እንደ መርፌ ነበር።

ከኋላዋ የተቀመጠችው ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ አንድ ቃል ስታንሾካሽክ ሰማሁ። እንቁላል።

እንቁላል! በፍልሰታ! በእኔ ቤት!

ጭው አለብኝ። አሸታለሁ፤ ምንም የለም። እነሱ ይሸታቸዋል፤ እኔ አይሸተኝም። ወጥ ቤት ገብቼ ድስቴን አየሁ። ከወጥ ቤት ስወጣ አያ ታከለን አየኋቸው፤ እንግዳ ሰው ናቸውና አንገታቸውን ደፍተዋል። ያጠፉ መሰሉኝ።

በዚህ መሐል ባለቤቴ ከስብሰባ መጣ።

በሩን ከፍቶ እንደምን ዋላችሁ አለ። የቤቱ ሰው ሁሉ ጢሙን አየው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እኔም አየሁት።

እሱ ምስኪን ምን ያውቃል? አፍንጫውን ከፍ አድርጎ፣ “ምንድን ነው የሚሸተው?” አለ።

እትዬ ብርቄ አማተበች። ሰው እንዲህ ይደፍራል ወይ ማለቷ ነው።

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መምሬ ትንሽ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጾም የልብ ነው፣ ልጆቼ አሉ። ልባቸው እንዳዘነ ከድምፃቸው ያስታውቃል።

ያን ጊዜ አያ ታከለ ተነሡ። ነገር ማብረዳቸው ነው። መምሬን እጃቸውን ይዘው፣ ይምጡ አባቴ፣ የእኔን እርሻ ይዩልኝ እያሉ ወደ ገንዳው ወሰዷቸው። አፈሩ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ሊያሳዩ ረጅም ዘንጋቸውን ውኃው ውስጥ አስገቡና እስከ መጨረሻው ወጉት።

ገንዳው አገሳ።

አረፋው እየተግተለተለ ወጣ። ሴቶቹ በሙሉ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣሉ። የእኔ ጉንፋን እንኳን ተከፈተ! የተበላሸ እንቁላል ነው፤ ሌላ ስም የለውም። አያ ታከለ ዘንጋቸውን መዝዘው አሸተቱትና ራቅ አድርገው ያዙት።

መምሬ ገንዳውን አዩ። ባለቤቴን አዩ። ቀጥለውም፣ “እንግዲህ ጾሙን የገደፈው አፈሩ ነው” አሉ።

እትዬ ብርቄ መጀመሪያ የሳቀችው ናት። ይህንንም ልመሰክርላት ይገባል።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ልስቅ አፌን ስከፍት ዓሦቹን አየሁ።

ከውኃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ትልቁ ዓሣ በጎኑ ተኝቷል።

ሳቄ ደረቀ። የልጄ አፍ ነው ብያችሁ የለም? እሱ ነው ፊቴ ላይ የሚዘጋው።

“አደራ ነው!” ብዬ ጮህኩ።

መምሬ ካባቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ጣሉ። ባለቤቴ በስብሰባ ኮቱ ባልዲ ያዘ። እትዬ ብርቄ እጇን እስከ ትከሻዋ ገልጣ ገባችበት፤ ገንዳው ረጅም ነውና ታች አልደረሰላትም። ወጥ ቤቴን ከእኔ ይልቅ ስለምታውቀው ጭልፋዬን አምጥታ ከአያ ታከለ ዘንግ ጋር አሰረችውና አፈሩን በጭልፋ ቀዳነው። ማንም እህል አልቀመሰም ነበር። ሁሉም የበዓል ነጠላ ለብሷል። ጥቁር አፈር እየዘገነ ከሳሎኔ ወደ ጓሮ ይመላለሳል።

ሲያልቅ ተባርኮ በላን። ጭልፋው ግን ወደ ወጥ ቤት አልተመለሰም።

ዓሦቹ አብዛኞቹ አለፉ። ትልቁም አልተረፈም። ቀሪዎቹ በባልዲ ውስጥ ሰነበቱ፤ ከሣሩ አንዲት ዘለላ ብቻ ነፍስ ነበራት። ገንዳውን አጥቤ፣ ስስ አፈር አልብሼ፣ ያችኑ ተከልኩ፤ የተረፉትን ዓሦች መለስኩ። ለገንዳው ይበቃል ብዬ ሳይሆን፣ ባዶ መስታወት ላሳያት ስላልቻልኩ ነው።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጥፋቱን በአያ ታከለ ላይ ልጫን ብዬ አስቤ ነበር። እሳቸው ዓይናቸው ድኖ አገራቸው ገብተዋል፤ ሰውየው ሲርቅ ለመጫን ይመቻል። ግን ፍልሰታን ጾሜ በሰው ላይ ልዋሽ? አልሆነልኝም።

ትርንጎ ጳጉሜን ላይ መጣች። ጠቁራ፣ ከስታ፣ ጫማዋ ጭቃ ለብሶ። ሳመችኝና ቀጥታ ወደ ገንዳው ሄደች።

ቆመች። ብዙ ቆመች። ጀርባዋን ነው የማየው።

“እማዬ፣ ምን ያህል አፈር ነው የጨመርሽበት?”

“ሁለት ጣት። እንዳልሽኝ።”

“አሳዪኝ።”

ጣቴን አቆምኩ። ሌላኛውን በላዩ አቆምኩ።

ጣቶቼን አየቻቸው። ከዚያ እጄን ያዘችና ሁለቱን ጣቶቼን ቀስ አድርጋ አንዱን ባንዱ ላይ አጋደመቻቸው። “እንዲህ ነው እኮ፣ እማዬ።”

ሁለት ጣት ተጋድሞ ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ? የዳቦ ቁራሽ አያህልም!

ፈራኋት። የሆነውን ሁሉ ልንገራት ብዬ ስለ ዶሮው፣ ስለ ባለቤቴ ጢም፣ ስለ ዘንጉ ተናገርኩ። መምሬ ጾሙን የገደፈው አፈሩ ነው አሉ ስላት ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ መጣ። ከሆድ የሚወጣ፣ ሰው ቆሞ የማይችለው ሳቅ። ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ የጓደኛዋን ስም ጠራች። ከተወሰደች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ስሟን እየጠራን አብረን አለቀስን።

ከዚያን ቀን ወዲያ ልጄ ስለ ዓሣ ብቻ አይደለም የምትነግረኝ።

ዓሦቹ በእኔ ጣት ሞቱ፤ ያሳዝኑኛል። የለመንኩት ሳቅ ግን በዚያው ጣት በኩል መጣልኝ። መንገዱን እግዚአብሔር ያውቃል። ተመስገን።

የዛሬው የሱቁ ሳቅ እንግዲህ ይኸው ነው። ሻጩ ልጅ በኋላ ሲያስረዳን፣ ለረጅም አኳሪየም አፈሩ ከፊት ስስ፣ ከኋላ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ቢበዛ ግን ያው ታች ይሸታል አለን። እኔም እንደማያውቅ ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። ትርንጎ ዘወር ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ጓሮ የደፋነው አፈር ግን እንዴት ያለ ጎመን አበቀለ መሰላችሁ። እትዬ ብርቄ ነፍሷን ይማር፣ እስክታርፍ ድረስ ጎመን ልትቀጥፍ ስትመጣ “የገደፈው ደህና ነው?” ትለኝ ነበር።

በሉ እናንተ ፍረዱ፣ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። እናንተ ቤት ሁለት ጣት ሲባል ጣቱ ይቆማል ወይስ ይተኛል?